ውኃ ያልደረሰው መደብ

በአልትራሳውንድ ክፍል ከአፋችን የማይለይ አንድ አባባል አለ፤ «ነፃ ነው» እንላለን። ሪፖርቱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ሲሆን በላዩ የሚሰፍረው «በሆድ ዕቃ ውስጥ የፈሰሰ ፈሳሽ አልታየም» የሚል ጠንቃቃ ዐረፍተ ነገር ነው። ይህ ዐረፍተ ነገር ግን ከእኔ ወደ ተረኛው ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪም)፣ ከኢንተርኑ ወደ ነርሷ፣ ከነርሷም በር ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ወደሚጠብቀው አባት ሲደርስ ጥንቃቄው በየደረጃው እየተራገፈ ሄዶ በመጨረሻ «ልጅህ ነፃ ነው» ይሆናል። ባለፈው ዓመት ክረምት በአንድ ሌሊት ያጋጠመኝን ለማንም ማላከክ አልችልም፤ በመካከል ማንም አልነበረምና። ቃሉን ለአባትየው በቀጥታ የተናገርኩት እኔ ራሴ ነበርኩ።

ልጁ 9 ዓመቱ ነው፤ የመጣውም ከደምቢያ፣ ከቆላድባ ወዲያ ካለ መንደር ነው። በቅሎዋን ከሰው ማሳ ሊመልስ በኋላዋ ሲዞር በርግጫ መታችው፤ ርግጫው ያረፈው በግራ ጎኑ፣ ከታችኞቹ የጎድን አጥንቶች ላይ ነበር። አባቱ እስከ አዘዞ በሚኒባስ፣ ከአዘዞ ወዲህ በባጃጅ ይዘውት እኔ ወደምሠራበት የጎንደር ሆስፒታል ሲደርሱ ምሽቱ ገፍቶ የሐምሌ ዝናብ ጣሪያውን ይደበድብ ነበር። ልጁ ራሱን ያውቃል፤ ሲጠይቁት ይመልሳል፤ የልብ ምቱም ሆነ የደም ግፊቱ ለዕድሜው የሚያሰጋ አልነበረም። መንገድ ላይ አንድ ጊዜ እንዳስመለሰው አባቱ ነግረውናል። ጎኑን ስነካው ፊቱን አጨፈገገ እንጂ አላለቀሰም። የገጠር ልጅ ሕመምን ዋጥ ማድረግ ከጡት እንደተጣለ ጀምሮ ስለሚለምድ ዝምታው ሐኪምን እንደሚያታልል አውቃለሁ፤ ያን ሌሊት ማወቄ አልጠቀመኝም። ጄሉን ቀብቼ ፕሮቡን፣ ማለትም በቆዳ ላይ የሚንሸራተተውን የመሣሪያውን ጫፍ፣ በአራቱ ስፍራዎች አሳለፍኩ፤ በጉበትና በቀኝ ኩላሊት መካከል፣ በጣፊያና በግራ ኩላሊት መካከል፣ ከሽንት ፊኛ በስተጀርባ፣ በልብ ዙሪያ። ፈሳሽ ቢኖር በስክሪኑ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታይ ነበር፤ አልታየም። ጣፊያውም ወጥ ግራጫ መሰለኝ። ወጣ ብዬ «አያ፣ ነፃ ነው፤ አይስጉ» አልኳቸው። ሲነጋ የሕመም ማስታገሻ ተጽፎለት ወደ አገሩ ተመለሰ።

ይህ ምርመራ በድንገተኛ ክፍል «ፋስት» እየተባለ ይጠራል። ፈጣን ነው፤ ጨረር የለውም፤ መብራት ሲጠፋ እንኳ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ ይበቃዋል። ሆኖም የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ደም ከሥሩ ወጥቶ በሆድ ዕቃ ውስጥ ተጠራቅሟል ወይስ አልተጠራቀመም? የደም ግፊቱ ወርዶ ለመጣ አዋቂ የዚህ ጥያቄ መልስ ቀዶ ሐኪሙን ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል የሚያስሮጥ ነው። ልጆች ዘንድ ነገሩ ይለያል። የልጅ ጣፊያ ወይም ጉበት ውስጡ ተሰንጥቆ ሽፋኑ ሳይቀደድ ሊቆይ ስለሚችል፣ ጉዳት እያለ ምንም ፈሳሽ የማይታይበት ጊዜ ብዙ ነው። በሌላ በኩል ፈሳሽ ቢታይም ልጁ እስከ ተረጋጋ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና አይደረግለትም፤ ዛሬ የልጆች የጉበት፣ የጣፊያና የኩላሊት ጉዳት በአመዛኙ የሚታከመው በአልጋ፣ በክትትልና ሲያስፈልግ ደም በመስጠት ነው። ስለዚህ «አለ» ቢባልም «የለም» ቢባልም የሐኪሙ ውሳኔ እምብዛም ላይለወጥ ይችላል። በካሊፎርኒያ 925 የተረጋጉ ልጆች ለሁለት ተከፍለው ለግማሾቹ ፋስት የተጨመረበት፣ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል፤ ሲቲ ስካን (በጨረር የሰውነትን ውስጥ በምስል የሚያሳየው ምርመራ) የታዘዘላቸው ልጆች ድርሻም፣ በድንገተኛ ክፍል የቆዩበት ሰዓትም፣ ወጪውም በሁለቱ ወገኖች መካከል የጎላ ልዩነት አልነበረውም። ጥናቱን ከዚያ ሌሊት በፊት አንብቤዋለሁ። ማንበብና እጅ ላይ ማድረስ ግን ሁለት ነገሮች ናቸው።

ጣፊያው ወጥ ግራጫ መስሎ የታየኝም ያለ ምክንያት አልነበረም። ተራ አልትራሳውንድ የሚያሳየው የድምፅ ማዕበል ከሥጋው ተመልሶ የሚመጣበትን ልክ ነው፤ አዲስ የረጋ ደም ደግሞ ድምፅን የሚመልሰው ጤነኛ ጣፊያ በሚመልስበት መጠን ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ስንጥቁ በጤነኛው ሥጋ መካከል ተመሳስሎ ይቀመጣል፤ ዐይን ደክሞ ሳይሆን የሚለይ ነገር ስለሌለ ያልፈዋል። ዶፕለር የተባለው ቀለም የሚያሳየን አሠራርም ትልልቆቹን ሥሮች እንጂ ሥጋውን የሚመግቡትን ጥቃቅን ሥሮች አያሳይም። የልጅ አካል በበኩሉ ጉዳትን ይጋብዛል፤ የጎድን አጥንቱ ለጋ ስለሆነ ሳይሰበር ይጎብጥና ምቱን ወደ ውስጥ ያሳልፋል፤ ጉበቱና ጣፊያው ከሰውነቱ አንጻር ትልቅ ናቸው፤ የሆዱ ጡንቻም ሆነ ስቡ ስስ ነው። በውጭ አንዲት ሰንበር ሳይታይ ውስጡ የተሰነጠቀ ልጅ ያላየ የድንገተኛ ክፍል ሠራተኛ ጎንደር ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ስለ ጣፊያ ትንሽ ልቆይ። አንዳንድ ሰው ጣፊያ ሲባል ኢንሱሊን የሚያመነጨው አካል ይመስለዋል፤ እኔ ያንን ቆሽት እለዋለሁ። ጣፊያ የምለው በግራ ጎን፣ ከጎድን አጥንቶች ሥር ተሸሽጎ ደም የሚያጣራውን ነው። ይህ አካል በእኛ አካባቢ የራሱ ታሪክ አለው። ደምቢያ የወባ አገር ነው፤ ጎንደር ላይ በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል እንዲቋቋም ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ከዚያ ቀደም ብሎ ደምቢያን የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ነበር። ወባ ጣፊያን ያሳብጣል። ከመተማና ከሑመራ ቆላ የሚመጣው፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው የካላዛር በሽታ ደግሞ ከዚያም በላይ ያሳብጠዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በሊቦ ከምከም በተነሣው የካላዛር ወረርሽኝ ደግሞ ቆላ ወርደው የማያውቁ ልጆች ሳይቀሩ ተይዘዋል። ያበጠ ጣፊያ ከጎድን አጥንት ጥላ ሥር ወጥቶ ወደ ሆድ ይወርዳል፤ ሽፋኑም ይወጠራል። ሌላ አገር ልጅ የማይጎዳበት ምት እዚህ ሊሰነጥቀው ይችላል። አውጥቶ መጣሉ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል፤ ጣፊያቸው የወጣላቸው ሕፃናት በኋላ በከባድ የደም ኢንፌክሽን እንደሚያዙ ኪንግና ሹማከር የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1952 ካመለከቱ ወዲህ ነው ዓለም ቀስ በቀስ ጣፊያን ማዳን ወደሚለው የዞረው። ወባ ባለበት አገር ጣፊያ የሌለውን ልጅ ወደ መንደሩ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ መንገር አያስፈልግም።

ልጁ በአራተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። ከንፈሩ ነጥቷል፤ የግራ ትከሻውን ያመዋል። ትከሻው አልተመታም፤ ከድያፍራም (ደረትን ከሆድ ከሚለየው ጡንቻ) ሥር የተጠራቀመ ደም የሚቀሰቅሰው ሕመም ግን በትከሻ ላይ እንደሚሰማ ተማሪ ሳለን ተምረነዋል። ፕሮቡን ከማስቀመጤ ጥቁሩ መስመር በጣፊያውና በኩላሊቱ መካከል ተጋደመ። እንደ ዕድል ሆኖ ሲቲ ስካኑ በዚያ ቀን ይሠራ ነበር። በመድኃኒት በተነሣው ምስል ላይ ጣፊያው ከታችኛው ጫፉ ወደ መካከሉ ተሰንጥቆ ታየ፤ በአምስት ደረጃ በሚመደበው መለኪያ ሦስተኛ ደረጃ ነበር። ደም ተሰጠው፤ አልጋ ያዘ፤ ቀዶ ሐኪሞቹ በየሰዓቱ እየመጡ አዩት፤ ሳይከፈት ዳነ። እኔ ግን አባትየውን ለማነጋገር የወጣሁት እግሬ እየተጎተተ ነበር።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ነፃ ነው ብላችሁን አልነበር እንዴ?» አሉ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «ብላችሁን» ማለታቸው እኔን ለማትረፍ እንደሆነ ገባኝ። የሲቲውን ምስል በኮምፒውተሩ ላይ አሳየኋቸው። ያበራው ሥጋ ደም የደረሰው፣ በመካከሉ የጠቆረው ደግሞ ደም የተቋረጠበት መሆኑን፣ በመጀመሪያው ቀን ይህንን ጥቁር ስፍራ ማየት እንዳልቻልኩና ያኔ ያየሁት የፈሰሰ ደም አለመኖሩን ብቻ እንደሆነ አስረዳኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ በበጋ ሽንኩርት በመስኖ እንደሚያለሙ ነገሩኝ። «ውኃ ስንለቅ ሁለት ነገር እናያለን» አሉ። «ቦዩ ከተሸነቆረ ውኃው ከማሳው ውጭ ይተኛል፤ ያን ማንም ያየዋል። አንዳንዴ ግን ውጭ ምንም ሳይፈስ አንዱ መደብ ደርቆ ይቀራል። ያን ለማየት በማሳው መካከል መሄድ ነው።»

እኚህ ሰው ሳያውቁት የተናገሩት ነገር ልጃቸው ከመጎዳቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ለአጭር ሥልጠና ውጭ አገር በሄድኩበት በአንድ የሕፃናት ሆስፒታል ያየሁትን ምርመራ ነው። እዚያ የ6 ዓመት ልጅ ከብስክሌት ወድቃ የመሪው ጫፍ ቀኝ ሆዷን ወግቷት ነበር። እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ይዛለች፤ ማደንዘዣ የለም፤ ወደ ሌላ ክፍል መገፋት የለም። አንዲት ነርስ በክንዷ ደም ሥር በገባው ቀጭን ቱቦ (ካኑላ) ወተት የመሰለ ፈሳሽ ሰጠቻት፤ መጠኑ ከአንድ ሚሊ ሊትር አይበልጥም፤ ተከትሎም ጥቂት የጨው ውኃ። ሐኪሙ ሰዓቱን ተጫነ። ጥቁር የነበረው ስክሪን በ15 ሰከንድ ገደማ ከኩላሊቷ ጀምሮ መብራት ያዘ፤ ከዚያም ጉበቷ ቀስ እያለ፣ ጎሕ ሲቀድ እንደሚገለጥ ሜዳ፣ ሙሉ በሙሉ በራ። በመካከሉ ጣት የምታህል ጥቁር ስንጥቅ ብቻ ሳትበራ ቀረች። ተራው አልትራሳውንድ በዚያች ስፍራ ምንም አላሳየም ነበር።

ያ ወተት መሳይ ፈሳሽ የጋዝ አረፋ ነው። ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ የተባለው ጋዝ ፎስፎሊፒድ በተባለ ስስ የስብ ሽፋን ተጠቅልሎ፣ የአንዱ አረፋ ስፋት በአማካይ 2.5 ማይክሮሜትር (ማይክሮሜትር የሚሊ ሜትር ሺኛ ነው) ያህል ሆኖ ይዘጋጃል፤ ቀይ የደም ሕዋስ 7 ማይክሮሜትር ያህል ስለሆነ አረፋው ሕዋሱ የሚያልፍበትን ሁሉ ያልፋል ማለት ነው። ጋዙ ከፍተኛ ቮልቴጅ በሚያቋርጡ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ውስጥ እንደ መከላከያ የሚያገለግለው ራሱ መሆኑን ስሰማ ትንሽ ደንግጬ ነበር፤ በደም ውስጥ ግን ከምንም ጋር የማይዋሐድ በመሆኑ በደቂቃዎች ውስጥ በትንፋሽ ይወጣል። በኩላሊት ተጣርቶ ከሽንት ጋር አይወጣም። ለሲቲ ስካን የሚሰጠው አዮዲን ያለበት መድኃኒት ከደም ሥር ወጥቶ ወደ ሥጋው ይሰርጋል፤ አረፋው ግን ሥሩ ካልተቀደደ በቀር ከደም ሥር አይወጣም። ስለዚህ አረፋ የታየበት ቦታ ሁሉ ደም የሚዘዋወርበት ነው፤ ያልታየበት ደም ያጣ ነው፤ ከአካሉ ውጭ ሲንጠባጠብ ከታየ ደግሞ ልጁ በዚያች ቅጽበት እየደማ ነው።

መሣሪያው አረፋውን ከሥጋው የሚለይበት ዘዴ ሁልጊዜ ያስደስተኛል። ሥጋ የተላከበትን ድምፅ እንዳለ ይመልሳል፤ አረፋ ግን በድምፁ ግፊት ሲጨመቅና ሲነፋ እኩል ስለማይሆን መልሱ የተዛባ ነው። መሣሪያው ሁለት ተቃራኒ ድምፆችን አከታትሎ ልኮ መልሶቹን ይደምራል፤ የሥጋው መልሶች እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ፤ የአረፋው ይቀራል። ለዚህም ድምፁ በጣም ዝቅ ማለት አለበት፤ በተለመደው ኃይል ከተላከ አረፋው ይፈነዳል። አልትራሳውንድ ላይ ያደገ ሰው «ምስሉ ካልጠራህ ኃይል ጨምር» ተብሎ የተማረ ስለሆነ፣ እኔም በሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን እጄ ወደ ቁልፉ ሲሄድ ሐኪሙ ይዞ አስቁሞኛል። መርፌውም ቢሆን አጣድፎ መግፋትን አይወድም።

አረፋ በአልትራሳውንድ እንደሚታይ የተስተዋለው እንዲያው በአጋጣሚ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ግራሚያክና ሻህ የተባሉ በአሜሪካ ይሠሩ የነበሩ ሁለት ሐኪሞች የልብን ትልቁን የደም ሥር በአልትራሳውንድ ሲያጠኑ፣ በቱቦ ፈሳሽ በተሰጠ ቁጥር ሥሩ ውስጥ የማሚቶ ደመና እንደሚሞላ አዩ፤ የደመናው ምንጭ ጥቃቅን አረፋ ነበር። በሆድ ዕቃ ጉዳት ላይ ለልጆች የዋለው ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ከጣሊያን በወጣ ጥናት 27 ልጆች ሦስቱም ምርመራዎች ተደርገውላቸው፣ ሲቲ ስካን በ12ቱ ልጆች ላይ ካገኛቸው 14 ጉዳቶች መካከል ተራው አልትራሳውንድ 8ቱን፣ አረፋው የታከለበት ደግሞ 13ቱን አግኝቷል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ትንሽነቱን ሳልሸሽግ ነው የምጽፈው። የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2016 መድኃኒቱን ለልጆች የጉበት እብጠት ምርመራና ሽንት ወደ ኩላሊት መመለሱን ለማየት ፈቀደ፤ በዚያው ፈቃድ ለጉበት የተወሰነው መጠን በኪሎ 0.03 ሚሊ ሊትር ነው፤ 25 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 0.75 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። ለአደጋ ጉዳት የሚሰጥ ሐኪም ከተጻፈው ፈቃድ ውጭ በራሱ ኃላፊነት የሚሰጠው ነው። ከባድ የአለርጂና የልብ ድንጋጤ እምብዛም አይገጥምም፤ ይሁን እንጂ ሊገጥም ስለሚችል አድሬናሊን በእጅ ሳይኖር አይጀመርም፤ ልጁም ከመርፌው በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ከዐይን አይለይም።

ስለ ምርመራው በጉጉት የሚያወሩ ሰዎች ሲበዙ እኔ ጥርጣሬ ይይዘኛል፤ ስለዚህ የማያየውንም ልናገር። አረፋው በኩላሊት ስለማይወጣ ሽንት የሚሰበሰብበትና የሚተላለፍበት ቧንቧ ቢቀደድ ምንም ምልክት አይሰጥም፤ ኩላሊቱ በሚገባ ሲበራ ሽንት ግን ወደ ሆድ ሲፈስ ሊኖር ይችላል። የአንጀት መበሳት፣ አንጀትን የሚይዘው ስስ ሽፋን መቀደድ፣ የጀርባ አጥንት መሰበር አይታይበትም። የቆሽት ጉዳት አንዳንዴ ይታያል፤ አንጀት በጋዝ ከተነፋ ግን አይታይም። ጣፊያ ራሱ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ደሙ እኩል ስለማይደርሰው እንደ ሜዳ አህያ ዥንጉርጉር ይሆናል፤ ያላወቀ ሰው አንድ ደቂቃ ሳይታገሥ «ተሰንጥቋል» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። በመኪና ተገጭቶ ጭንቅላቱም፣ ደረቱም፣ ሆዱም የተጎዳ ልጅ የሚያስፈልገው ሲቲ ስካን ነው፤ ግፊቱ ወርዶ እየነጣ ያለ ልጅ የሚያስፈልገው ቀዶ ሐኪም ነው። እንደ እኔ አስተያየት ይህ ምርመራ ከሁሉ የሚያምርበት በሁለት ስፍራ ነው፤ አንደኛው እንደ ደምቢያው ልጅ በአንድ ጎኑ ብቻ ተመትቶ ተረጋግቶ የመጣ ልጅ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በሲቲ ጉዳቱ ታውቆ የተኛ ልጅ በየቀኑ ሳይገፋና ጨረር ሳይደጋገምበት አልጋው ላይ ሆኖ የሚታይበት ክትትል ነው። ልጆች ለጨረር ከአዋቂ ይልቅ ስሱ ናቸው፤ ለመኖር የቀራቸውም ዕድሜ ረጅም ነው።

እኔ በምሠራበት ክፍል አረፋው የለም። እንዲመጣ ብዬ ጠይቄ የተመለሰልኝን እዚህ ማንሣት አልፈልግም፤ ጥያቄዬ ላይም እኔ ራሴ ጉድለት አይቼበታለሁ። ጠርሙሱ ማቀዝቀዣ አይፈልግም፤ ዱቄቱ በጨው ውኃ ተበጥብጦ ከተዘጋጀ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ እንደ ሲቲ የሚቆም ትልቅ ማሽን፣ እንደ ማሽኑም ከአዲስ አበባ የሚጠበቅ መሐንዲስ የለውም። እነዚህ ሁሉ ለእኛ የሚመቹ ናቸው። የማይመቸው ሌላ ነው፤ የአልትራሳውንድ መሣሪያው ይህን አሠራር የያዘ ሶፍትዌር ሊኖረው ይገባል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሌሊት በስምንት ሰዓትም ቢሆን የሚገኝ፣ አጥንቶ የለመደ እጅ ያስፈልጋል። እኔ ያየሁት ለሳምንታት ነው። ዛሬ ጠርሙሱ ቢመጣ ለመጀመሪያዎቹ ልጆች ከሲቲው ጋር እያስተያየሁ ካልሆነ በቀር ብቻዬን አልፈርድበትም።

ታዲያ ከሥልጠናው ምን ይዤ መጣሁ? መጀመሪያ ምንም ያልያዝኩ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን አንድ ነገር እንደያዝኩ አምናለሁ፤ በተራው አልትራሳውንድ ላይ ስቆም ከማሳው ውጭ ያለውን ውኃ ብቻ እያየሁ መሆኔን ማወቅ ነው። ስለዚህ ከዚያ ክረምት ወዲህ በሪፖርቴ ላይ «የፈሰሰ ደም አልታየም» ከሚለው ቀጥሎ «ይህ የአካል ስንጥቅ አለመኖሩን አያሳይም» ብዬ እጽፋለሁ፤ ጓደኞቼ «ሁሉም የሚያውቀውን ለምን ትጽፊያለሽ?» ይሉኛል። ከጎኑ የተመታ ልጅ ከሆነ ስድስት ሰዓት ያህል ቆይቶ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ፕሮቡን ሳላነሣ ሰባት ነገሮችን እጠይቃለሁ። እነዚህ ሰባቱ እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመና 12,044 ልጆችን ባካተተ የአሜሪካ ጥናት የተለዩ ናቸው፤ የሆድ ግድግዳ ላይ ሰንበር ወይም የመኪና ቀበቶ ምልክት፣ የንቃተ ኅሊና መቀነስ፣ ሆድ ሲነካ ማመም፣ በደረት ግድግዳ ላይ የሚታይ ጉዳት፣ ልጁ ራሱ ሆዴን ያመኛል ማለቱ፣ የትንፋሽ ድምፅ መቀነስ፣ ማስመለስ። ሰባቱም የሌሉበት ልጅ ሕክምና የሚያስፈልገው የሆድ ጉዳት ያለበት የመሆኑ ዕድል እጅግ ትንሽ ነው። ዝርዝሩን መጀመሪያ ያስተዋልኩት የደምቢያውን ልጅ ካርድ መልሼ ሳነብ ነው። ሲነካ አሞታል፤ በጎድኑ ላይ የበቅሎዋ ሰኮና ያረፈበት ሰንበር ነበረው፤ መንገድ ላይ አስመልሶታል። ከሰባቱ ሦስቱ ካርዱ ላይ በእጅ ተጽፈው ነበር፤ እኔ ስክሪኑን አይቼ ካርዱን አላየሁም።

በጥምቀት ሰሞን ተረኛ ስሆን ይህ ሁሉ ይመጣብኛል። በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ በግንቡ ላይ ከተጠማዘዙት የዛፍ ሥሮች ላይ ልጆች ይንጠላጠላሉ፤ ሕዝቡ ይገፋፋል፤ ከመካከላቸው አንዱ ይወድቃል። ያን ሰሞን ከባጃጅ የሚገለበጠው፣ በበሬ ቀንድ የሚወጋው፣ ከሾላ ዛፍ የሚወድቀው ሁሉ ባንድ ላይ ይመጣል። ፈጥኖ ማየትና ፈጥኖ መናገር እንደ ጎበዝነት የሚቆጠርበት ሌሊት ነው።

ልጁ በስድስተኛው ሳምንት፣ በጳጉሜን መግቢያ፣ ለክትትል መጣ። ከንፈሩ ቀልቷል፤ ጄሉ ቀዝቅዞት ሳቀ። ጣፊያው ላይ ስንጥቁ የነበረበት ስፍራ ቀጭን መስመር ሆኖ ይታያል፤ ፈሳሽ የለም። አባቱ ስክሪኑን ከኋላዬ ቆመው እያዩ «አሁንስ ነፃ ነው?» አሉኝ። «የፈሰሰ ደም የለም፤ ቁስሉ እየጠበበ ነው» አልኳቸው። «ውኃው መደቡን ሁሉ መድረሱን ግን በዚህ መሣሪያ ማየት አልችልም፤ ስለዚህ ደመራ እስኪወጣ ዛፍ እንዳይወጣ፣ ከልጆች ጋርም እንዳይታገል።» በጣቶቻቸው ሳምንቱን ቆጠሩ። «በቅሎዋንም አጎቱ ዘንድ ልኬያታለሁ» አሉ። ሲነካ ያላለቀሰው ልጅ ይህን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ዕንባውን በእጅጌው ጠረገ።